ገና አይሰኩት! የአሮጌ አምፕሊፋየር ጥያቄዎች

በዚህ ወር ቡራዩ ወዳለችው የጥገና ክፍሌ የመጡት ጥያቄዎች ሁሉ አንድ ዘመን ላይ ያርፋሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩት፣ ፊታቸው አሉሚኒየም፣ ጎናቸው እንጨት የሆነው የጃፓን ስቴሪዮ አምፕሊፋየሮች። አንዱ ከአባት የተወረሰ፣ ሌላው ምናለሽ ተራ በክርክር የተገዛ፣ ሌላው ደግሞ ከቆራሌው ጆንያ ለጥቂት የተረፈ ነው።

«አባቴ የተዉልኝ ሳንሱይ ከሃያ ዓመት በላይ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ብሰካው ይነሣል?» (ጡረተኛ፣ ከሰበታ)

ይነሣ ይሆናል ጋሼ፤ ግን ገና አይሰኩት። መጀመሪያ ጀርባውን አዙረው የቮልቱን ጽሑፍ ያንብቡ። ለጃፓን ገበያ የተሠራው 100፣ ለአሜሪካ የተሠራው 120 ቮልት ነው የሚፈልገው፤ የእኛ ሶኬት የሚሰጠው 220 ነው። መምረጫ ካለው 220 ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። ከሌለውና የተጻፈው 100 ወይም 120 ብቻ ከሆነ ያለ ቮልት ቀናሽ ትራንስፎርመር አይሞከርም።

ቀጥሎ ስፒከሮቹን ያላቅቁና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው በመስመሩ መካከል የ100 ዋት አምፖል ያስገባልዎት፤ ኤሌክትሪኩ አምፖሉን ሳያልፍ አምፕሊፋየሩ ጋ እንዳይደርስ። አምፖሉ ክር ያለው የድሮው ዓይነት መሆን አለበት፤ ኤል ኢ ዲ ለዚህ ሥራ አይረባም። ሲያበሩት ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደስ ይበልዎት። በደማቁ እንደበራ ከቀረ ግን ውስጡ ሾርት አለና ወዲያው ይንቀሉት። ይህን ሁሉ ጣጣ የማበዛብዎት ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮቹን፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ጣሳ መሰል ዕቃዎች፣ ፈርቼ ነው። ለዓመታት ያለ ኤሌክትሪክ ሲቀመጡ በውስጣቸው ያለው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይዳከማል፤ ሙሉ ኃይል በድንገት ሲመጣባቸው ሊያብጡ፣ ሊፈነዱም ይችላሉ።

«ድምፁን ዝቅ ሳደርገው የግራው ስፒከር ይጠፋል፤ ከፍ ሳደርገው በድንገት ይመለሳል። ጠጋኙ ‹ትራንዚስተሮቹ ተቃጥለዋል› ብሎ ብዙ ብር ጠየቀኝ።» (ከአያት)

የተቃጠለ ትራንዚስተር ድምፅ ሲጨመርለት አይድንም፤ እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም። መጀመሪያ የግራና የቀኙን ስፒከር ገመድ አቀያይሪ። ሕመሙ ወደ ሌላው ስፒከር ከዞረ ስፒከርሽ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ነው። ሲበራ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ «ቀጭ» የሚል ነገር ትሰሚያለሽ አይደል? እሱ ስፒከሮቹን የሚጠብቀው ሪሌ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ነው፤ የመገናኛ ነጥቦቹ ሲዝጉ ደካማው ድምፅ ማለፍ ያቅተዋል፣ ብርቱው ጥሶ ያልፋል። በአልኮል የራሰ ወፍራም ወረቀት በነጥቦቹ መካከል ማመላለስ ለጊዜው ያድነዋል። አሸዋ ወረቀት ግን ስሱን ልባስ ልጦ ነገሩን ያብሰዋል። ዘላቂው መፍትሔ በውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅልል የሚፈልገው ቮልት ተመሳሳይ የሆነና ያንኑ ያህል አምፔር የሚችል አዲስ ሪሌ ነው።

ትራንዚስተር ለመቀየር ለሚቸኩሉት አንድ ነገር ልጨምር፤ የኃይል ትራንዚስተር የሚመስል ሐሰተኛ ዕቃ በዓለም ገበያ ሞልቷል። ደህናውን አውጥቶ ሐሰተኛውን መክተት እንደ ጥገና ሲቆጠር ያናድደኛል።

«የድምፅ ማስተካከያው ሲዞር ይንኮሻኮሻል። ላምባ ላንጠባጥብበት?» (ከቃሊቲ)

በፍጹም! ለኤሌክትሮኒክስ መገናኛ የተሠራ ማጽጃ ይንፉበትና፣ ከኤሌክትሪክ እንደተነቀለ፣ ከዳር እስከ ዳር ሠላሳ ጊዜ ያህል ያዙሩት። ከዚያም በኋላ ከተንኮሻኮሸ ጥፋቱ የአቧራ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የሚያፈስ ካፓሲተር ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ (ዲሲ) እያሳለፈበት ይሆናል።

«ካፓሲተሮቹን በሙሉ ልቀይራቸው አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር?» (ተማሪ፣ ከለገጣፎ)

ወንድሜ፣ ከመለካት ጀምር። እኔም በወጣትነቴ እንዳንተ አስቤ፣ የአንድ ጎረቤቴን አምፕሊፋየር ካፓሲተሮች በአንድ ሌሊት ጠራርጌ ቀየርኩ። ሲነጋ አብርቼው ጭስ ተነሣ፤ አንዷን ገልብጬ በይጃታለሁ። የትኛዋ እንደሆነች ብቻ ሳይሆን እሷ ይዛቸው የሄደችውን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ያ ዕቃ ወደ እኔ ሲመጣ ጥፋቱ አንዲት የላላች ብየዳ ብቻ ነበረች።

ስለዚህ ስፒከር ሳይገናኝ ቴስተሩን በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ መለኪያው ላይ አድርገህ የስፒከር መውጫዎቹን ለካ። ጥቂት ሚሊቮልት ከሆነ ደህና ነው፤ ከ50 ሚሊቮልት በላይ ከሆነ ጠርጥር፤ ቮልቶች ካሳየህ ስፒከር አታስጠጋው፣ የስፒከሩን ጥቅልል ይበላዋል። ክዳኑን ከፍተህ ከመንካትህ በፊት ከሶኬት ንቀለውና ትልልቆቹ ካፓሲተሮች የያዙትን ኤሌክትሪክ አስወግድ፤ ከተነቀለም በኋላ ከ40 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። አንዳንዶች በጠፍጣፋ መፍቻ ብልጭ ያደርጉታል፤ አንተ የ5 ዋት ሬዚስተር ተጠቀም፣ ከዚያ በቴስተር አረጋግጥ። ያበጠ፣ ያፈሰሰ፣ ልኩ የወረደ ካለ እሱን ቀይር። ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ የሚችል። ከመንቀልህ በፊት ፎቶ አንሣ፤ አንድ በአንድ ቀይር፤ በየመካከሉ በአምፖሉ ሞክር።

«ሸክላ ሳጫውት ብቻ ‹ኡምም› ይላል። ራዲዮው ላይ የለም።» (ከሱሉልታ)

ከሸክላ ማጫወቻው የሚወጣውን ቀጭን የመሬት ሽቦ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ካለው ብሎን ጋር ያጥብቁ። የተለመደው የሸክላ መርፌ የሚያመነጨው ወደ 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ስለሆነ አምፕሊፋየሩ እጅግ ያጎላዋል፤ አብሮት የገባው ጉምጉምታም እኩል ይጎላል። ጉምጉምታው በሁሉም መግቢያ ላይ፣ ድምፁ ዜሮ ሆኖም ከተሰማ ግን ወደ ኃይል ማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ይመልከቱ። ደግሞ ሸክላ ማጫወቻውን «PHONO» ከተባለው የሸክላ መግቢያ ውጭ ሌላ ላይ አይሰኩት፤ የአምሃ ሪከርድስ ሸክላ ካለዎት ባሱ ጠፍቶ በቆርቆሮ ውስጥ የሚዘፈን ይመስልዎታል።

«ፊውዙ ቢቃጠልብኝ የሲጋራ ወረቀት ጠቅልዬበት ይሠራል። ችግር አለው?» (ከዓለም ገና)

አለው፤ ዛሬውኑ ያውጡት። ቀጥሎ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው፤ እሱን ደግሞ መተካት ከባድ ነው። በፊውዙ አጠገብ የተጻፈውን አምፔር የሚመጥን ገዝተው ይክተቱ። አዲሱም ከተቃጠለ ሌላ አይግዙ፤ ለሰበታው ጋሼ የነገርኳቸውን አምፖል ይፈልጉ።