መልስ፦ አክሰስ ፖይንቱ ከፒኦኢ ስዊች ላይ አልበራም ላልከው

ስዊቹም አክሰስ ፖይንቱም (ዋይፋይ የሚረጨው ዕቃ) አልተበላሹም፤ አልተግባቡም እንጂ። ፒኦኢ ማለት በኔትወርክ ኬብሉ ኤሌክትሪክም አብሮ መላክ ነው። ሐዋሳ ፔንሲዮኑ ላይ የሰቀልከው ዕቃ ከካርቶኑ በመጣው አዳፕተር እየበራ ስዊቹ ላይ ጭጭ ካለ፣ የ24 ቮልት ፓሲቭ (ያለ ፍተሻ የሚሠራ የፒኦኢ ዓይነት) ሳይሆን አይቀርም።

802.3ኤኤፍ ወይም ኤቲ የሚባሉትን የፒኦኢ ደረጃዎች የሚከተል ስዊች መጀመሪያ በኬብሉ ትንሽ ቮልት ልኮ ማዶ ያለውን ዕቃ ይፈትሻል። 25 ኪሎ ኦም አካባቢ ሬዚስታንስ ካላገኘ 48 ቮልቱን አይለቅም። ፓሲቭ ዕቃ ይህ ሬዚስታንስ የለውም።

1. አውርደህ ጀርባውን አንብብ። 24 ቮልት ብቻ ከተጻፈበት ነገሩ አለቀ። 802.3ኤኤፍ የሚል ካለው ግን ኬብሉን ጠርጥር፤ ጫፎቹን እንደገና ክሪምፕ አድርግ (ኮኔክተሩን በመቆንጠጫ ግጠም)።
2. ፓሲቭ ከሆነ በአዳፕተሩ ቀጥል። ላን የሚለው ቀዳዳ ወደ ስዊቹ፣ ፒኦኢ የሚለው ወደ አክሰስ ፖይንቱ።
3. ኮሪደሩ በአዳፕተር እንዳይሞላ ከፈለግክ፣ ከኤኤፍ ወደ 24 ቮልት ፓሲቭ የሚቀይር ኮንቨርተር መሃል ላይ አስገባ። ፍጥነቱ ጊጋቢት መሆኑን አይተህ ግዛ፤ ርካሾቹ 100 ሜጋቢት ላይ ያስሩሃል።

ለቀሪዎቹ ፎቆች ገና ካልገዛህ ኤኤፍ የሆነውን ውሰድና ተገላገል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ሱቅ ላይ «ፒኦኢ አዳፕተር ሁሉ ያው ነው» ብለው 48 ቮልት ፓሲቭ ይሰጡሃል። እሱ ሳይፈትሽ ነው የሚለቀው፤ የ24 ቮልቱን ዕቃ ያቃጥለዋል። እንዲህ ተቃጥለው ለጥገና የሚመጡትን ሽታቸው ክዳኑን ሳትከፍት ያሳብቅባቸዋል። አዳፕተሩ ላይ ከ«አውትፑት» አጠገብ ያለውን ቁጥር ሳታነብ ብር አትክፈል።