ከአሥር አንዱ

ልጆቼ፣

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም በማይርቅ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ 26 ዓመት በባንክ የብድር ክፍል ሠርቻለሁ። ሥራዬ በአብዛኛው «አይሆንም» ማለት ነበር። ተበዳሪው ምን ሊሠራ እንዳሰበ ከመስማታችን በፊት የቤት ካርታ እንጠይቀዋለን፤ የሌለው በትሕትና ይሸኛል። ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 የሚንቀሳቀስ ንብረትም ለዋስትና ማስያዝ ይቻላል። ልማድ ግን እንደ አዋጅ ቶሎ አይለወጥም።

በራሴ ገንዘብም ላይ ያው ሰው ነኝ። ከማስቀምጠው ከአሥር ብር ዘጠኙ አይነካም። ከፊሉ ባንክ ነው፤ ከፊሉ አክሲዮን። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። እኔም ገዛሁ። ጎረቤቶቼ በሳምንቱ «ስንት አተረፉ?» ይሉኝ ጀመር፤ ሐምሌ የተዘራ ጤፍ በነሐሴ የሚታጨድ ይመስል።

አሥረኛዋን ብር ግን የራሱን ሥራ ለሚጀምር ሰው እሰጣለሁ። (ከቤተ ክርስቲያን አሥራት ጋር አታምታቱት፤ እሱ ለብቻው ነው።) ለእሷ ካርታ አልጠይቅም፤ ደብተር እጠይቃለሁ። በፊት ደብተርም አልጠይቅም ነበር። አንድ ዘመዴ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠረዘ የሥራ ዕቅድ አመጣልኝ፤ የአምስተኛው ዓመት ትርፉ እስከ ሳንቲሙ ተሰልቷል። በስምንተኛው ወር ስልኩን ማንሳት አቆመ።

ከዚያ በኋላ ከገላን በኩል አንዲት ልጅ መጣች። የተጠረዘ ነገር የላትም። 50 ጫጩት ያሳደገችበትን የተማሪ ደብተር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። አንዱ ገጽ «ሌሊት መብራት ጠፋ። ከሰል አልገዛሁም ነበር። 11 ሞቱ» ይላል። ከሥሩ፣ በማግስቱ ቀን፣ «ከሰል፣ አንድ ማዳበሪያ» ብላ ዋጋውን ጽፋለች። መብራቱን ልትወቅስ ትችል ነበር። ያንን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለ200 ጫጩትና ለመኖ የሚሆን 80,000 ብር ሰጠኋት፤ በጽሑፍ ውል፣ በሁለት ምስክር፣ ከእንቁላሉ ሽያጭ እየተቀነሰ የሚመለስ።

ለእንቁላል የምትረባ ዶሮ አምስት ወር ያህል ትበላለች እንጂ ምንም አትሰጥም። በአራተኛው ወር መኖ ተወደደ። ልጅቷ ተመልሳ መጣች፦ «ጋሼ፣ 30,000 ብር ብቻ።» የዚያ ዓመት አሥረኛ ግን አልቃለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዘጠኙ ልቆነጥርላት ልቤ ተነሥቶ ነበር። ያመንኩበት ሰው ሲቸገር ማየት የማላውቀውን ሰው ከመመለስ ይከብዳል። አልሰጠኋትም። ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች።

ያደረገችውን ቆይቼ ከዚያው ደብተር አነበብኩ፦ «ጋሼ እምቢ አሉኝ። 60 ቄብ ሸጥኩ።» በሸጠችበት ገንዘብ ለቀሩት መኖ ገዛች። እነዚያ 60 ዶሮዎች ዛሬ ይጥሉ ነበር፤ ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል። ግን ያን ቀን ብሰጣት ኖሮ ዘንድሮ ለመጣው ጫማ ሰፊ ልጅ የምሰጠው አይኖረኝም ነበር።

ደመወዝ መቀበል ለጀመራችሁ የምለው ይህንን ነው፦ የምትሰጡትን መጠን ማንም ሳይጠይቃችሁ፣ ብቻችሁን ሆናችሁ ወስኑ። ሰው ፊታችሁ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ አይወሰንም። ብድር ይሁን ድርሻ በወረቀት ይስፈር፤ ለወንድምም ቢሆን። ገንዘብ ፈላጊ የሆናችሁ ደግሞ ኪሳራችሁን ከነቀኑ ጽፋችሁ አምጡ። እንደ እኔ ያለ ተጠራጣሪ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። ልጅቷ 30 እንቁላል ልካለች። ስጦታ መስሎኝ ደስ አለኝ። ላዩ ላይ ቁራጭ ወረቀት አለ፤ የእንቁላሉን ዋጋ ጽፋ «ከዕዳዬ ይቀነስ» ብላለች።

ቀነስኩላት።