ጉጉቷን መጀመሪያ ከሽቦው ቤት አውጪያት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ጉጉቷን መንገድ ዳር ወድቃ አገኘሻት፣ አንዱ ክንፏ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። የሽቦ ቤት ውስጥ አድርገሽ ሳሎን አስቀመጥሻት። ወተት ሰጥተሻት እምቢ ብላለች። ልጆቹ ሲዳብሷት ግን ዝም ስለምትል "ለምዳናለች" ብለሻል። ጎረቤቶችሽም ይህን አይተው ሌላ የተጎዳ እንስሳ ማምጣት ጀምረዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ለዓመታት ከእንስሳት ሐኪም ጋር እየሠራሁ ብዙ ወፍና አውሬ በእጄ አልፏል፤ ከዚያ የተማርኩትን ልንገርሽ።

ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ከሽቦው ቤት አውጪያት። በተንፈራገጠች ቁጥር ሽቦው የክንፏንና የጅራቷን ላባ ይሰብረዋል። የተሰበረ ላባ ደግሞ እንደ ጥፍር አያድግም። አሮጌው ረግፎ አዲስ እስኪተካ መጠበቅ ነው፤ ይህም ወራት ይፈጃል። አጥንቷ ድኖ ላባ ብቻ እየጠበቀች ስንት ጊዜ የታሰረች ወፍ አይቻለሁ። ስለዚህ ካርቶን ፈልጊ። ጎኑን በሳ በሳ አድርጊለት፣ ከሥሩ ክር የማይመዘዝ ጨርቅ አንጥፊ፣ እሷን አስገቢና ክደኚው። ሰው የማይገባበት ክፍል ውስጥ ይቀመጥ። ክፍሉ ከቀዘቀዘ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ በአንድ ጥግ አድርጊላት። ሲሞቃት እንድትሸሽ ሌላው ጥግ ባዶ ይሁን።

ብቻዋን ጨለማ ውስጥ መተው ጭካኔ ይመስላል፣ አውቃለሁ። ለእሷ ግን የሰው ፊት የአዳኝ ፊት ነው። ሲዳብሷት ዝም የምትለው ስለለመደች አይደለም፣ ፍርሃት አድርቋት ነው። ማምለጥ ያልቻለ የዱር እንስሳ ይደነዝዛል፤ ልቡ ግን ውስጥ ውስጡን ይደልቃል። በየአሥር ደቂቃው ከፍተሽ "ደህና ነሽ?" ባልሻት ቁጥር ያቺን የቀረቻትን ጉልበት ትጨርሺባታለሽ።

ወተቱን አንሺው። ወፎች የወተትን ስኳር መፍጨት አይችሉም፣ ያስቀምጣቸዋል፤ ከነበረባቸው የውሃ እጥረት ላይ ሌላ ይጨምርባቸዋል። ውሃም ቢሆን በአፏ እንዳታንጠባጥቢ። ይህን በደንብ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያዋን ጉጉቴን የገደልኳት እኔ ነኝ።

መኪና ገጭቷት ነበር። በጨርቅ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ምንቃሯን ከፈትኩና መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ ውሃ ጠብ አደረግኩላት። የመጀመሪያውን የዋጠች መሰለኝ፣ ደስ አለኝ። በሁለተኛው ራሷን ነቀነቀች። አፍንጫዋ ላይ ትንሽ የውሃ አረፋ ወጣ። ከዚያ ስትተነፍስ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። ሳይነጋ ሞተች። በኋላ ሐኪሙ የሌላ ወፍ ምንቃር ከፍቶ አሳየኝ። ከምላሷ ሥር፣ መሐል ላይ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ስንጥቅ አለች፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። ወደ ሳንባ የሚያስገባው በር እሱ ነው። እኔ ውሃውን ያፈሰስኩት እዚያ ላይ ነበር። ዛሬም ሲሪንጅ ባነሳሁ ቁጥር ያቺ አረፋ ትታየኛለች።

የምግቡም ነገር እንደዚያው ነው። የቀዘቀዘና ውሃ ያነሰው አካል ምግብ አይፈጭም። መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ፈሳሽ፣ ምግብ መጨረሻ። ፈሳሹን ሐኪሙ ከቆዳ ሥር ሊሰጣት ይችላል። በኋላ መብላት ስትጀምርም አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ አይበቃትም። ጉጉት አይጧን የምትውጠው ከነአጥንቷ፣ ከነፀጉሯ ነው። አጥንት ያልቀመሰ ጫጩት እግሩ ተጣሞ ያድጋል።

ሐኪም ዘንድ ዛሬውኑ ውሰጃት። የወፍ አጥንት ቶሎ ይገጥማል፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ። ይህ መልካምም ክፉም ነው፤ ተጣሞ ከገጠመ እንደጠመመ ይቀራል። በእንጨትና በጨርቅ ራስሽ እንዳታስሪው። ስታነሻት ፎጣ ጣል አድርጊባትና ክንፎቿን ከነፎጣው ሰብስበሽ ያዢ። መጠንቀቅ ያለብሽ ከምንቃሯ በላይ ከጥፍሯ ነው። ደረቷን ግን አትጫኚ። ወፍ እንደኛ ድያፍራም፣ ማለት ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የላትም፤ የምትተነፍሰው ደረቷን ከፍ ዝቅ በማድረግ ስለሆነ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ብቻውን ያፍናታል። ድመት ነክታት ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው። ቁስሉ ባይታይም የድመት ጥርስ የሚያስገባው ባክቴሪያ ከ2 እስከ 3 ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ አንቲባዮቲኩ በሰዓታት ውስጥ መጀመር አለበት።

አሁን ወደ ጎረቤቶችሽ። ስለሚያመጡልሽ አመስግኛቸው፣ ግን ከማንሳታቸው በፊት ፎቶ እንዲልኩልሽ ለምኛቸው። "ተጎድቶ አገኘሁት" ተብሎ ከሚመጣው ጫጩት ብዙው ምንም አልሆነም። ላባ አብቅሎ፣ ጅራቱ አጭር ሆኖ መሬት ላይ የሚዘል ጫጩት መብረር እየተማረ ነው። እናቱ ሰው ዞር እስኪልላት ዛፍ ላይ ሆና ትጠብቃለች። ድመትና ውሻ ካለ አጠገቡ ያለ ቁጥቋጦ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ገና ላባ ያላወጣ ከሆነ ጎጆው ይፈለግና ይመለስበት። የሰው እጅ ከነካው እናቱ ትተወዋለች የሚባለው ልክ አይደለም።

የሚዳቋ ነገር ከመጣ ደግሞ ሰው ተሰብስቦ እንዳያባርር። አንድ ጊዜ ግማሽ ሰፈር ሮጦ አንዷን ያዘልኝ፣ ሁሉም በቅንነት። እግሯ ላይ የነበረው ቁስል ቀላል ነበር። በማግስቱ ግን መነሳት አቃታት፣ በሦስተኛው ቀን ሞተች። በሩጫና በድንጋጤ ብዛት ጡንቻቸው ራሱ ይፈርሳል፣ ከፈረሰው ጡንቻ የሚወጣው መርዝ ኩላሊታቸውን ይዘጋል። እንዲህ ዓይነቱን ከርቀት እየጠበቁ ባለሙያ መጥራት ብቻ ነው የሚሻለው።

የሌሊት ወፍ፣ ቀበሮ፣ ጦጣ፣ ማንኛውም አጥቢ እንስሳ ከመጣ ልጆች አይንኩት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ከሞት የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠበው፣ ከዚያ በቀጥታ ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። እዚህ ላይ ይሉኝታ የለም።

ሥራውን ልትቀጥይበት ካሰብሽ ትልቅ ግቢ አያስፈልግሽም። የሚያስፈልግሽ አስቀድሞ "እሺ" ያለ ሐኪም፣ ማታ ስልክ የሚያነሳ ሰው፣ መኪና ያለው ሰው፣ አንድ ደብተርም ነው። የዱር እንስሳ በቤት ማቆየት በአብዛኛው አገር ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ እሱንም ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቶሎ ጨርሺ። ለአንድ ነገር ደግሞ ልብሽን አዘጋጂ። ስብራቱ መገጣጠሚያው ላይ ከሆነ ዳግም ላትበር ትችላለች። ያኔ ሐኪሙ ያለ ሕመም እንድትሞት ሊመክርሽ ይችላል። እኔ ሁለት ጊዜ እምቢ ብዬ ነበር። ሁለቱም ወፎች ጥግ ይዘው፣ ላባቸውን እየነጩ ኖሩ። አሁን እምቢ አልልም።

ከዳነች የምትለቂያት ያገኘሻት ቦታ ነው። ግዛቷ ነው፣ ማደኛዋን ታውቀዋለች። ሰዓቱ ሲመሻሽ ይሁን፤ በቀን ከለቀቅሻት ሌሎች ወፎች ተሰብስበው ያሳድዷታል። ከዚያ በፊት ሰፊ ቦታ ውስጥ ከጥግ ጥግ ሳታለከልክ መብረር፣ ራሷ ማደንም አለባት። ሰው ስታይ ብትሸሽ ደስ ይበልሽ።

ልጆቹ መርዳት ከፈለጉ እስክሪብቶ ስጫቸው። የት እንደተገኘች፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ አጠገቧ ምን እንደነበረ ካርቶኑ ላይ ይጻፉት። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።