«ሻ/ባሻ» ሻለቃ ነው?

ጥያቄ፦ ለአባታችን የመቃብር ሐውልት ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። የጡረታ ደብተራቸው ላይ «ሻ/ባሻ» ተብሎ ተጽፏል። ዘመድ ሁሉ «ሻለቃ» ይባልልን ይላል። ለመሆኑ ሻለቃና ሻምበል የሰው ማዕረግ ናቸው ወይስ የጦር ክፍል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ «ሻለቃ» ብላችሁ አታስቀርጹ። «ሻ/ባሻ» ሻለቃ ባሻ ከሆነ፣ ሻለቃ ባሻ ከሃምሳ አለቃ በላይ ቢሆንም መኮንን አይደለም፤ የባለሌላ ማዕረግ፣ ማለትም ከመኮንን በታች ያሉት ወታደሮች፣ ወገን ነው። ከእሱ እስከ ሻለቃ ድረስ ምክትል መቶ አለቃ፣ መቶ አለቃና ሻምበል አሉ። «ባሻ»ን የጣለ ሰው እነዚህን ሁሉ አዘልሎ ሾመ ማለት ነው። ደግሞም «ሻ/ባሻ» ሻምበል ባሻም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ማዕረጉ ተዘርዝሮ የተጻፈበት የሹመት ወይም የስንብት ደብዳቤ ፈልጉ። ድንጋይ ላይ ምህጻረ ቃል ባይገባ ይመረጣል።

ሻለቃና ሻምበል ሁለቱም ማዕረግም የጦር ክፍልም ናቸው። የሚለያቸው ግሱ ነው፦ «ሻምበሉ ምሽጉን ያዙ» ሲባል መኮንኑ፣ «ሻምበሉ ምሽጉን ያዘ» ሲባል ጦሩ። ጸሐፊው መኮንኑን «አንተ» በሚባልበት ግስ ከጠራ ግን ይምታታል፤ ያኔ «የሻምበል ጦሩ» ማለት ያዋጣል። ብዛትም ይለያል፤ «ሁለት ሻምበሎች» ሰዎች፣ «ሁለት ሻምበል ጦር» ክፍሎች ናቸው። «የሻምበል አዛዥ» ደግሞ የሥራ ድርሻ ነው፤ ባለድርሻው መቶ አለቃ ሊሆን ይችላል።

በማዕረጉ ስም ውስጥ ያለውን ቁጥር አትመኑ። ሻለቃ ከ«ሺ» እና ከ«አለቃ» የመጣ ነው፤ ዘጸአት 18 ላይ ሙሴ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአስር አለቆችን ሲሾም ቁጥሩ ቁጥር ነበር። ዛሬ የመቶ አለቃ የሚመራው «መቶ» የተባለው የጦር ክፍል እንኳ መቶ ሰው አይሞላም።

ማዕረግ ከስም ጋር ሲጻፍ የመጨረሻው ይያዛል። እዚያው አጠገባችሁ ጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲያሸንፍ ገና ሻምበል አልነበረም፤ ዛሬ ግን ስለዚያ ውድድር ሲጻፍም «ሻምበል አበበ» ይባላል፤ ስሕተት የለበትም። ስሕተት የሚሆነው «በዚያን ጊዜ ሻምበል የነበረው» ሲባል ነው። በማዕረጉ ላይ «አቶ» መደረብም አያስፈልግም።