የኦካያማው ኮራኩኤን፦ በየትኛው ወቅት ይሻላል?

ጥያቄ፦ ለሥራ ወደ ጃፓን እሄዳለሁ። በኦካያማ ከተማ የሚገኘው ኮራኩኤን የተባለው ጥንታዊ የአትክልት ስፍራ በየወቅቱ ባህላዊ ዝግጅቶች እንደሚቀርቡበት ሰምቻለሁ። ጉዞዬን በየትኛው ወቅት ባደርገው ይመክሩኛል?

መልስ፦ ምርጫው የእኔ ቢሆን ሰኔን አላልፈውም። ኮራኩኤን እ.ኤ.አ. በ1700 በአካባቢው ገዥ በኢኬዳ ጹናማሳ ትእዛዝ ተሠርቶ ሲጠናቀቅ፣ ከኩሬውና ከሣር ሜዳው ጋር የሩዝ ማሳና የሻይ ተክል እንዲኖረው ተደርጓል፤ በዚህም ምክንያት እስከ ዛሬ ድረስ በግንቦት አጋማሽ የሻይ ቅጠል ለቀማ፣ በሰኔ መግቢያ ደግሞ የሩዝ ችግኝ ተከላ በዓል ይከበርበታል። በተከላው ዕለት ባህላዊ ልብስ የለበሱ ሴቶች በጭቃው ውሃ ውስጥ ጎንበስ ብለው፣ ከበሮና ዘፈን እያጀባቸው ችግኙን በእጃቸው በመስመር ይተክላሉ። ይህ ዝግጅት ከመድረክ ትርኢት ይልቅ ልቤን የሚነካው የገበሬውን ድካም በአደባባይ ስለሚያከብር ነው።

ትርኢት ከወደዱ በስፍራው ኖ የተባለው ጥንታዊ የጃፓን የጭምብል ቲያትር መድረክ ይገኛል። ጹናማሳ ራሱ በኖ ይተውን የነበረ ሲሆን፣ ተራው ሕዝብም በተወሰኑ ቀናት ገብቶ እንዲመለከት ይፈቀድለት ነበር። መድረኩ እ.ኤ.አ. በ1945 በአየር ድብደባ ተቃጥሎ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተሠርቷል።

በመስከረም ጨረቃን የመመልከት ምሽት፣ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ደግሞ የረጅም ዕድሜ ምልክት የሆኑትንና አናታቸው ቀይ የሆነውን ክሬን የተባሉ ወፎች በሜዳው የመልቀቅ ልማድ አለ። የዝግጅቶቹ ቀናት በየዓመቱ ስለሚለዋወጡ ቲኬትዎን ከመቁረጥዎ በፊት ያረጋግጡ።