በውሃ ቀለም ጫካ ለምትሥሉ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በተሣሉት የእንግሊዝ የጫካ ሥዕሎች ላይ የሚታየው ጸጥታ ከየት እንደመጣ ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ፤ መልሱንም ውሃ በበዛበት፣ እንደልቡ በፈሰሰ ቀለም ውስጥ ስትፈልጉት አያለሁ። እኔ ግን አስቀድማችሁ የማይልስ በርኬት ፎስተርን (1825–1899) ሥራዎች ቀረብ ብላችሁ እንድታዩ እመክራችኋለሁ።

ፎስተር ሰሪ በሚባለው የደቡብ እንግሊዝ አውራጃ፣ ዊትሊ በተባለች መንደር ተቀምጦ የአካባቢውን ዛፍና ቁጥቋጦ ሲሥል የኖረ ሰው ነው። ሙያውን የጀመረው ለመጻሕፍት ኅትመት የሚሆን ሥዕል እንጨት ላይ በመንደፍ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1860 የውሃ ቀለም ሠዓሊዎች ማኅበር ሲቀበለው ዕድሜው 35 ገደማ ደርሶ ነበር። ያ የእንጨት ሥራ ከእጁ አልወጣም። ከሩቅ አንድ ወጥ ልስላሴ የሚመስለው ቅጠል፣ ፊታችሁን ሥዕሉን ወደሸፈነው መስታወት ስታስጠጉ፣ ውሃው ተጨምቆ ሊደርቅ በተቃረበ ቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ የተነጠበ ሆኖ ይገኛል።

ብርሃኑን ለማውጣት ከ1834 ጀምሮ ለገበያ የቀረበውን የዚንክ ነጭ ይቀላቅል ነበር። በዚህ እንኳ አልከተለውም፤ ወረቀቱን ባዶ መተው ይሻለኛል። በወጣትነቴ በዛፎች መካከል የሚያልፍ መንገድ ስሥል፣ ሳላስብ ሁሉንም አረንጓዴ ቀብቼ፣ ብርሃኑን በምላጭ ፍቄ ለመመለስ ስሞክር ወረቀቱ ተበሳ። ከዚያ ወዲህ ብሩሽ ከማንሣቴ በፊት የማልነካውን ቦታ በእርሳስ እከልላለሁ።

አረንጓዴውን በሚመለከት ግን ከሁሉ ይልቅ ጠንቃቃ ሁኑ። እ.ኤ.አ. በ1888 ራስልና አብኒ የተባሉ ሁለት የሳይንስ ሰዎች ለእንግሊዝ መንግሥት ባቀረቡት ዘገባ፣ በዘመኑ ሠዓሊዎች ከሚጠቀሙባቸው የውሃ ቀለሞች ብዙዎቹ በብርሃን እንደሚደበዝዙ፣ ለዚህም አየርና እርጥበት እንደሚያግዙ አሳይተዋል። ኢንዲጎ የሚባለው ሰማያዊ ቀለም ከሚደበዝዙት አንዱ ነው፤ ከኢንዲጎና ከቢጫ የተደባለቀ ቅጠል ሰማያዊው ሲለቀው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ይሄዳል።

ስለዚህ በቱቦው ላይ በተጻፈው ውብ ስም አትታለሉ። የምትገዙትን ቀለም በቁራጭ ወረቀት ላይ ቀቡ፤ ግማሹን በካርቶን ሸፍናችሁ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ለጥፉት፤ ዓመት ሲሞላው ካርቶኑን አንሡ። በእኔ መስኮት ላይ ካሉት አንዱ ግማሹ ገና የጥድ ቅጠል ነው፤ ግማሹ ገለባ ሆኗል።