ለከፍተኛ ተራራ የእጅ ጂፒኤስ ሲመርጡ ከባትሪው ይጀምሩ

ጥያቄ፦ ለ11 ቀን የተራራ ጉዞ እየተዘጋጀሁ ነው። የምናልፍበት ከፍተኛው ቦታ 5,400 ሜትር ነው፤ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ይደርሳል፤ መንገድ ላይ ኤሌክትሪክ የለም። ጋርሚን ኢትሬክስ 32ኤክስ ልግዛ ወይስ ጂፒኤስማፕ 67 እያልኩ አመነታለሁ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «መሣሪያዬ ካደረበት ሳይነቃነቅ ጠዋት ላይ ከፍታውን በ40 ሜትር ለውጦ አሳየኝ» ይላል። ከፍታው ጂፒኤስን ያዛባል እንዴ?

መልስ፦ ከፍታው ራሱ ምንም አያደርገውም። ሳተላይቶቹ ያሉት ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ነው፤ እርስዎ አምስት ሺህ ሜትር ወደ ላይ ቢወጡ ለእነሱ ለውጥ የለውም። እንዲያውም ሸንተረር ላይ ሰማዩ ክፍት ስለሆነ ከሸለቆ ይልቅ በደንብ ይቀበላል። መሣሪያውን የሚፈትነው ብርዱ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀውን «ስንት ሳተላይት ይይዛል?» ለጊዜው ይተዉትና ባትሪውን ያስሉ።

በቀን 8 ሰዓት ቢያበሩት በ11 ቀን 88 ሰዓት ይሆናል። ኢትሬክስ 32ኤክስ በሁለት ደብል ኤ የባትሪ ድንጋይ እስከ 25 ሰዓት እንደሚሠራ አምራቹ ይገልጻል። ብርዱ፣ የስክሪኑ መብራትና ኮምፓሱ ሲጨመሩ ግን 16 ሰዓት ብለው ቢያስቡ ይሻላል። ይህም 6 ጥንድ ይጠይቃል፤ አንድ ጥንድ ለመጠባበቂያ ሲጨምሩ 14 ድንጋይ ይሆናል። የሚገዙት የማይሞላውን የሊቲየም ድንጋይ ይሁን። አንዱ 15 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ሁሉም ተደምሮ ሩብ ኪሎ አይሞላም፤ እስከ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪም ይሠራል። ተራው አልካላይን በውስጡ ያለው ፈሳሽ ውሃ ስላለበት ሲቀዘቅዝ ኃይል መስጠት ያቅተዋል፤ ጠዋት «አለቀ» ያለው ድንጋይ ከሰዓት ሲሞቅ መልሶ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ድንጋዩን ሲቀይሩ በሴቲንግ ውስጥ የባትሪውን ዓይነት ሊቲየም ላይ ማድረግ አይርሱ። ሊቲየም ቮልቴጁን እስከ መጨረሻው ጠብቆ ቆይቶ በአንዴ ስለሚወድቅ፣ አልካላይን ላይ የተተወ መሣሪያ ሙሉ ነኝ እያለ ድንገት ይጠፋል።

ጂፒኤስማፕ 67 ከውስጥ የተገጠመ፣ የሚሞላ ባትሪ አለው፤ አምራቹ 180 ሰዓት ይለዋል። በብርድ ግማሹን ቀንሰው ቢያስቡ 90 ሰዓት ይቀራል፤ ለእርስዎ ጉዞ ልክክ ያለ ነው፣ ትርፍ ግን የለውም። ፓወር ባንክ የግድ ነው። ከዜሮ ዲግሪ በታች ግን ፈጽሞ አይሙሉት፤ ሊቲየሙ ወደ ኤሌክትሮዱ (የባትሪው ዋልታ) ውስጥ መግባት ትቶ ላዩ ላይ ይለጠፍና ባትሪው እስከ መጨረሻው ይጎዳል። ሌሊት መሣሪያውንም ፓወር ባንኩንም የመኝታ ከረጢትዎ ውስጥ ያስገቡና፣ ሰውነትዎ ሲያሞቃቸው ያገናኙ።

ለስልክና ለካሜራ ፓወር ባንክ መያዝዎ የማይቀር ከሆነ 67ቱን ይግዙ። ካልሆነ 32ኤክስ ይበቃዎታል፤ ያለቀ ድንጋይ በግማሽ ደቂቃ ይቀየራል፣ የተበላሸ ገመድ ግን እዚያ ላይ አይጠገንም። 67ቱ ሁለት የሳተላይት ሞገድ ስለሚቀበል ገደል ሥር ከገደሉ ግድግዳ የተንጸባረቀውን ሲግናል የመለየት አቅሙ ይበልጣል። ግልጽ በሆነ የእግር መንገድ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታይም፤ በጉም ውስጥ የበረዶ ሜዳ ማቋረጥ ካለብዎት ግን ይታያል። ሁለቱም በቁልፍ የሚሠሩ መሆናቸው ጥሩ ነው፤ ወፍራም ጓንት ለብሶ በንክኪ የሚሠራ ስክሪን መጠቀም ያስመርራል። የ32ኤክስ ትንሿ ጆይስቲክ ግን ጓንት ለለበሰ ጣት ስለምትጠብ፣ ከመግዛትዎ በፊት የሚይዙትን ጓንት ለብሰው ይሞክሯት። ኢትሬክስ 22ኤክስን ደግሞ «ያው ነው» ብለው እንዳይሸጡልዎት፤ ባሮሜትርም (የአየር ግፊት መለኪያ) ኤሌክትሮኒክ ኮምፓስም የለውም።

ወደ 40 ሜትሩ እንምጣ። የጓደኛዎ መሣሪያ አልተበላሸም። ባሮሜትር ያላቸው መሣሪያዎች ከፍታን የሚያሰሉት ከአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ የ1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ) ለውጥ 8 ሜትር ገደማ ነው፤ 5,400 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ያው 1 ሄክቶፓስካል 14 ሜትር ይሆናል። ሌሊት የአየር ጠባዩ ተለውጦ ግፊቱ በ3 ሄክቶፓስካል ቢወርድ፣ መሣሪያው «40 ሜትር ወጣህ» ይላል። ተኝተው ሳሉ ከፍታው እንዲህ ዘሎ ካደረ መጥፎ አየር እየመጣ ሊሆን ይችላልና ሰማዩን አይተው ይነሱ። ከፍታው በተጻፈበት ምልክት ወይም በካርታው ላይ በታወቀ ቦታ በደረሱ ቁጥር መልሰው ያስተካክሉት። ይህም ሆኖ አየሩ መሣሪያው በስሌቱ ከሚገምተው መደበኛ ሙቀት በ10 ዲግሪ ከቀዘቀዘ ካስተካከሉበት በኋላ በወጡት ከፍታ ላይ 4 በመቶ ያህል ስሕተት ይገባል፤ 1,000 ሜትር ከወጡ መሣሪያው 40 ሜትር አብዝቶ ይነግርዎታል።

ቀን ሲጓዙ መሣሪያውን ከቦርሳዎ የትከሻ ማንገቻ ላይ ይሰኩት፤ ኪስ ውስጥ ሰውነትዎ ሲግናሉን ስለሚጋርደው የተመዘገበው ትራክ ይዘበራረቃል። ስክሪኑ በብርድ ሲያዘግም ለጥቂት ደቂቃ ብብትዎ ሥር ያድርጉት። ማግኔት ያለው የስልክ መያዣ አጠገቡ አይኑር፤ ድንጋይ በቀየሩ ቁጥርም ኮምፓሱን እንደገና ካሊብሬት ያድርጉ (ያስተካክሉ)።

ሁለቱም መሣሪያዎች የድረሱልኝ መልእክት አይልኩም። ያንን ከፈለጉ በኢሪዲየም ሳተላይት የሚሠራው 67አይ ወይም ኢንሪች ሚኒ የተባለው ትንሽ የመልእክት መላኪያ ያስፈልግዎታል፤ ወርኃዊ ክፍያም አለው። የሚሄዱበትን አገር ሕግ አስቀድመው ያጣሩ፤ ለምሳሌ ህንድ ውስጥ ያለ ፈቃድ የሳተላይት መገናኛ ይዞ መገኘት ያሳስራል።

ከመነሳትዎ በፊት ካርታውንና የጂፒኤክስ ፋይሉን (የጉዞ መስመሩ የተቀመጠበትን) ጭነው፣ ኢንተርኔት ሳይኖር መከፈታቸውን ያረጋግጡ። የወረቀት ካርታዎ ኅዳግ ላይ የተጻፈውን ዳተም (የካርታው መጋጠሚያዎች የተሰሉበትን መነሻ) ያንብቡና መሣሪያውን ከእሱ ጋር ያመሳስሉ። ዳተሙ ከተለያየ ነጥብዎ ካርታው ላይ ከመቶ ሜትር በላይ ፈቀቅ ሊል ይችላል፤ መጀመሪያ ቀን ካርታው ላይ በግልጽ የሚታይ ድልድይ ወይም መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመው ያመሳክሩት።